አንበሳ ቀንድ ያበቀለበት ችሎት

አንድ ጊዜ የአንበሳ የጠጅ እንስራ ከችሎቱ ዋርካ ሥር ተሰብሮ ተገኘ። ጅብ ማንም ሳይጠይቀው እየሮጠ መጣና «አህያ ናት! በዐይኔ በብረቱ አይቻታለሁ!» አለ። የዱሩ ሕግ ጥፋተኛውን ለከሳሹ ይሰጣል። አያ ጅቦም ከወዲሁ ምራቁን ይውጥ ነበር።

እንስራው ሲሰበር ያየችው የጥንቸል ልጅ እንኮዬ ብቻ ነበረች። እንኮዬ ሩቅ ያለ ጉንዳን አይታ ትቆጥራለች፤ ፊደል ግን እንደ ቁንጫ እየዘለለ ያስቸግራታል። በተሳሳተች ቁጥር የኔታ ቁራ «እስቲ ደግመሽ!» ይሏታል። ስለዚህ ደግመው ከጠየቋት፣ በቃ፣ ተሳስታለች ማለት ነው። ምስኪን!

ችሎቱ ሲከፈት የጅብ ጠበቃ ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ እንኮዬ ፊት ቀረበ።

«እንስራውን ማን ሰበረው፣ የኔ ቆንጆ?»

«አያ ጅቦ።»

«እስቲ ደግመሽ አስቢ። ጆሮው ረጅም አልነበረም?»

እንኮዬ ደነገጠች። «ረጅም... ነበር።»

«እንግዲያው አህያ ናታ?»

«አዎ... አህያ ናት።»

«በሉ ጨው አምጡልኝ!» አለ ጅብ።

ይኼኔ ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ንጉሥ ሆይ፣ እኔም ልጠይቃት። እንኮዬ፣ ጌታችን አንበሳ ቀንድ አለው?»

«የለውም።»

«እስቲ ደግመሽ አስቢ። ሁለት አይደሉም?»

«አዎ፣ ሁለት ናቸው» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ።

አንበሳ ሳያስበው አናቱን ዳበሰ። ችሎቱ በሳቅ አውካካ፤ ዝንጀሮ ከዛፍ ወደቀ።

«ልጅቷ ውሸታም አይደለችም» አለች ኤሊ። «ደግመው ሲጠይቋት የተሳሳተች ይመስላታል። ዝም ብለን እንስማት።»

«ማንም እንዳያቋርጣት!» አለ አንበሳ። «እንኮዬ፣ እንዳየሽው አሳዪን።»

እንኮዬ ዙሪያዋን አየች። የሚጠይቃት የለም። ባዶ ቅል አናቷ ላይ ደፋችና እያነከሰች መዞር ጀመረች፤ ጭንቅላቱ እንስራ ውስጥ የተቀረቀረበት ጅብ ሆነች! ከዋርካው ጋር ተላተመች። ተመልሳ ተላተመች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትንደረደር ጅብ ብድግ አለ።

«ውሸት ነው! ከዋርካው ጋር የተጋጨሁት አንዴ ብቻ ነው!»

ቀበሮ ጥብቅናውን ትቶ ጥሻ ለጥሻ ሾለከ፤ ጅብም ጅራቱን ቆልፎ ተከተለው። አህያ እንኮዬን ጀርባዋ ላይ አውጥታ፣ በደስታ እያናፋች ሜዳውን ዞረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ፊደል የሚያስቸግረውን ልጅ እያዋከብን ደጋግመን ከጠየቅነው የምንሰማው እሱ ያየውን ሳይሆን እኛው ያልነውን መሆኑን ነው።