ተቃውሞ የሌለው ሰው

አንድ ቀናተኛ ነበረ። በአንድ ዓለም አቀፍ የልማት ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ኃላፊ ነበረ።

ጋሽ ደምሰው ታሪኩን እንዲህ ሲጀምሩ ቤዛዊት ወንበሯን ወደ እሳቸው ሳበች። ጋሽ ደምሰው በእንዲህ ያለ ባንክ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሷ ገና ሥራው ላይ ናት። በምሳ ሰዓቷ ቤታቸው ድረስ የመጣችው አንድ ነገር ልትጠይቃቸው ነው፤ ጠይቃቸዋለችም። «ጋሼ፣ የባልደረባዬን ስህተት አይቼ ዝም ብል ምን አጠፋሁ? እኔ አልሠራሁት፤ እኔ አላበላሸሁት።»

መልሳቸው ይህ ነው።

*

ቀናተኛው ሰው ሰነፍ ሠራተኛ አልነበረም። ሪፖርቱ በቀኑ ይደርሳል። ስብሰባ አያረፍድም።

ከእሱ ሦስት ዓመት ዘግይታ የተቀጠረች አንዲት ባልደረባ ግን ነበረችው። በማዕረግ እኩያው ሆነች። እሱ ሲናገር ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል፤ እሷ ስትናገር እስክሪብቶውን ያነሳል። ይህን ሌላ ሰው ልብ አላለም። እሱ ግን በየስብሰባው ይቆጥር ነበር።

ሊፍት ውስጥ «እንኳን ደስ አለሽ!» ይላታል። እሷ ወርዳ በሩ ሲዘጋ ጥርሱን ያፋጫል።

የእሷ ፕሮግራም የገበሬዎች መዝገብ ነበር። ድርቅ የመታቸው ገበሬዎች በታብሌት ይመዘገባሉ፤ ዝናብ ሲቃረብ ምርጥ ዘር በየስማቸው ይመጣል። ስሙ የሌለ ዘር አያገኝም።

ለሙከራ ወደ አንድ መንደር ወረዱ። የዚያ ቀን ምዝገባ እንዳለ ይጸናል፤ ሌሎች መንደሮች በኋላ ይጨመራሉ። እሱም አብሮ ሄደ፤ የባንኩ ደንብ ሌላ ኃላፊ እንዲታዘብ ያዛል። ባልደረባው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ከሽማግሌዎች ጋር ትስቃለች። ገበሬዎቹ ስሟን በአንድ ጊዜ ያዙት። የእሱን ሁለቴ ጠየቁት።

እሱ መዝጋቢው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ስልክ ቁጥር?» አለ መዝጋቢው።

«ስልክ የለኝም። የአበሬን ጻፈው» አለች ባሏ የሞተባት አንዲት ገበሬ።

«የአበሬ አሁን ተጻፈ እኮ፣ እናቴ። በራሱ ስም።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ለሰፈራችን ሁሉ የሚደወለው በእሱ ነው። ሲጮህበት በሬዎቹን ጥሎ ነው የሚሮጥ፤ ሚኒስትር የደወለለት ይመስለዋል!»

ሰልፉ ሳቀ። አበሬም ሳቀ። መዝጋቢው ቁጥሩን ጻፈ።

ቀናተኛው ሰው ታብሌቱን አየ። የገበሬዋ ስም ገባ፤ የአበሬ ስም ጠፋ። ቀጥሎ የመጣው ሰው ያንኑ ቁጥር ሲሰጥ እሷም ጠፋች። ሲስተሙ የተሠራው አንድ ስልክ ማለት አንድ ሰው ነው ተብሎ ነው። በዚያው ቁጥር ሌላ ሰው ሲመጣ የፊተኛውን ያረመ እየመሰለው ይሰርዘዋል።

ባልደረባው ከተማ ተወልዳ ከተማ ያደገች ናት። ቢሮ ውስጥ ስትሞክረው እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስልክ ነበረው። ይህ አልመጣላትም። እሱ ግን የገጠር ልጅ ነው። አንድ ስልክ ለስንት ቤት እንደሚሆን ያውቃል።

*

የባንኩን ልማድ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሲስተም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኃላፊዎቹ ሁሉ በጽሑፍ «ተቃውሞ የለኝም» ይላሉ። አምስት ቀን ይሰጣቸዋል። አንዱ እንኳ ተቃውሞ ካለው ሥራው ቆሞ ይታረማል።

ማረሙ የሁለት ቀን ሥራ ነበር።

አራት ቀን ዝም አለ። ብነግራት ታርመዋለች። ካረመችው ያምራል። ካማረ የእሷ ነው። ይህን እያሰበ በላ፤ ይህን እያሰበ ታክሲ ጠበቀ።

በአምስተኛው ቀን ጻፈ። «ተቃውሞ የለኝም። ግሩም ሥራ ነው።»

ግሩም በል ያለው ሰው አልነበረም።

*

ዘሩ በሰኔ መጀመሪያ መጣ። በዚያ መንደር አርባ ሦስት ቤት ተመዝግቦ ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ የወጣው አሥራ አንድ ስም ነው። ቀናተኛው ሰው ርክክቡን እንዲታዘብ ተላከ። ደስ ብሎት ሄደ። መኪናው ውስጥ ያዘነ ፊት ተለማመደ።

ያቺ ገበሬ ከረጢቷን አጥፋ ብብቷ ሥር ይዛ መጋዘኑ በር ላይ ቆማለች።

«ስምሽ የለም» አላት ዘር አዳዩ።

«እንዴት የለም? ሲጻፍ ይህ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነበር።» ወደ እሱ ዞረች። «የኔ ጌታ፣ አይተህ የለም? ንገረው እንጂ!»

አይቶ ነበር። ስሟ ሲገባም፣ ሲጠፋም።

«በደንብ አላስታውስም» አላት።

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች፤ ተራዋ እንደገና ሲደርስ ስሟ የሚገኝ ይመስል።

ባልደረባው በነጋታው ደረሰች። ለዳይሬክተሩና ለኃላፊዎቹ ሁሉ የጻፈችው አጭር ነበር። «ስህተቱ የእኔ ነው። ስልክ የሚጋሩ ሰዎችን አላሰብኩም።» ከዚያ ደብተር ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ስድስት ቀን ፈጀባት። ዝናቡ በአራተኛው ቀን ገባ። ያቺ ገበሬ ዘግይተው ከዘሩት አንዷ ሆነች፤ በመኸር ያገኘችው የጎረቤቶቿን እኩሌታ አይሞላም።

ቢሮ ውስጥ ባልደረባው አልወደቀችም። «ጥፋቴ ነው የሚል ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» ተባለላት። ቀናተኛው ሰው ይህን ሰማ። ያን ዕለት በምኗ እንደቀና ታውቂያለሽ? በስህተቷ። እሷ ስህተቷን አምጥታ ሰው ፊት አስቀመጠችው፣ ቀለላት። እሱ የራሱን የት ያስቀምጠው?

*

ጋሽ ደምሰው ወደ ቤዛዊት ዞሩ።

«አንቺም ያው ነሽ፣ ልጄ። አልሠራሁትም፣ አላበላሸሁትም ትያለሽ። እሱም አላበላሸም። ያቺ ገበሬ ግን ስሟን ሁለት ጊዜ አጣች፤ መጀመሪያ ታብሌቱ ሰረዘው፣ ቀጥሎ እሱ ፈረመበት። ቅናት ሁልጊዜ እግር አይጠልፍም። ጨዋ ሆኖ ይፈርማል፤ ግሩም ነው ይላል። የሚጎዳው ደግሞ የቀናሽበትን ሰው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሰልፍ ላይ ያለ፣ አንቺን የማያውቅ ሰው ነው ዋጋውን የሚከፍለው።»

«የኔ ግን ለየት ይላል፣ ጋሼ። ባልደረባዬን ሄርሜላን አያውቋትም። ሁልጊዜ እሷ ናት የምትመሰገነው።»

«ስለ እሷ አልጠየቅሁሽም። ሲስተሙ ለማን ነው?»

«ለጤና ጣቢያዎች። መድኃኒት የሚጠይቁበት።»

«ተቃውሞ የሚዘጋው መቼ ነው?»

ቤዛዊት ሰዓቷን አየች።

«ዛሬ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

ጋሽ ደምሰው ተነሥተው በሩን ከፈቱላት።