ውሃው ሲያንስ ማን ይቀራል?

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሰው የተቀየመው ቀን እህል ከጉሮሮው የማይወርድ» አሉ ጋሽ አምሳሉ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው በልጅነቷ ያስተማሯት ወይንሸት ናት። ለወረዳው ምክር ቤት ትወዳደራለች፤ በማግስቱ መራጮች ፊት ቆማ ጥያቄ ልትመልስ ነው። «ጋሼ፣ መንገድ የሚሉ አሉ፣ ጤና ጣቢያ የሚሉ አሉ። ማንንም ሳላስከፋ ምን ብዬ ልመልስ?» ብላቸው ነው ነገሩ የተነሣው። እሳቸው ደግሞ ጥያቄን በቀጥታ መመለስ ድሮም አይሆንላቸውም። እንዲህ እያሉ ቀጠሉ።

ሰውየው ደግ ነበረ፤ ይህን አልነሣውም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ እሱ፣ የጎረቤት በሬ ሲጠፋ አብሮ የሚፈልግ እሱ። አንዲት ቃል ብቻ ከአፉ አትወጣም፤ «አይሆንም» የምትባለው። የአገሩ ሰው ሁሉ የሚኖረው ከወንዝ በተጠለፈ አንድ ቦይ ነው። ከላይ፣ ቦዩ ከወንዙ በሚነሣበት፣ ሸንኮራ ይተከላል፤ ከታች፣ ቦዩ በሚያልቅበት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል፣ በውሃ የተጣላውንም የሚዳኝ አንድ ሰው ይመርጣሉ፤ የውሃ አባት ይሉታል። የቀድሞው የውሃ አባት ጉልበታቸው ደከመና ጥቅምት ላይ ሌላ ይመረጥ ተባለ። ለውድድር የቀረቡት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ይኸው የእኔ ሰው ነው።

ሹመቱን እንዴት እንደተመኘው! ለጥቅም ብሎ አይደለም። ሁሉም የሚወደው የውሃ አባት መሆን አማረው፤ ሌላ ነገር የለውም። እናም ከምርጫው በፊት ቤት ለቤት ዞረ። ባለ ሸንኮራው «ውሃው ሲለቀቅ መጀመሪያ ለእኔ ነው?» ሲለው «ታዲያ ለማን ሊሆን ኖሯል!» ይላል። ባለ ቃሪያው ሲጠይቀው ደግሞ «አንተን አስቀድሜ ነዋ!» ይላል። ውሸታም ሆኖ አይደለም። ፊቱ የቆመውን ሰው ሲያይ አንጀቱ አይችልም፤ በዚያች ሰዓት ከልቡ ነው የሚናገረው። እንዲህ እንዲህ እያለ የመጀመሪያውን ተራ ለአሥራ አንድ ሰው ሰጠ።

የምርጫው ቀን ሕዝቡ ቦዩ ራስጌ ካለው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። የሚስቱ አባት ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከላይ ካለው ሸንኮራ ግማሹ የሳቸው ነው፤ የሰውየውም ሸንኮራ እዚያው ነው። ሰውየው ተነሣና ስለ እኩልነት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ መተሳሰብ ተናገረ። አቤት ንግግር! ሴቶቹ እልል አሉለት። ያኔ ከወደ ኋላ አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ። ማሳቸው የመጨረሻዋ ናት፤ ከሳቸው በታች ቦይ የለም። አምና መጋቢት ላይ ሽንኩርታቸው ውሃ ሳያይ ደርቆ ቀርቷል።

«ልጄ፣ የመጀመሪያውን ተራ ሰጥተኸኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ትናንት ወፍጮ ቤት ስንገናኝ ግን ከታች ካለነው ብቻ አራት የመጀመሪያ ሆነን አረፍነው።»

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። ሰውየውም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም።

«እሱን መልሼልሃለሁ፤ አልፈልገውም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ውሃው ሲያንስ ማን ይቀራል?»

«ማንም አይቀርም፣ እማማ!» አለ ወዲያው። እልልታው ቀለጠ።

እልልታው እስኪያልፍ ጠበቁና «ሰምቻለሁ» አሉ። «ውሃው ሲያንስ ማን ይቀራል?»

«ለሁሉም እኩል እናካፍላለን፤ እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እኩል ሲካፈል እኔ ዘንድ የሚደርሰው ጭቃ ብቻ ነው፤ አምና አይቼዋለሁ። ሌላ መሬት የለኝም፣ የሚጦረኝ ልጅ የለኝም፤ ዘንድሮም ከደረቀብኝ ሰው ደጅ መቆሜ ነው። ስለዚህ ልጠይቅህ እንጂ ምን አደርጋለሁ? ማን ይቀራል?»

ሰውየው መልሱን ያውቀዋል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሸንኮራ ሁለት ተራ ቢያልፈው ይጠወልጋል እንጂ አይሞትም፤ ሽንኩርት ግን አንድ ተራ ካለፈው ነቅሎ መጣል ነው። ግን ይህን ለመናገር የሚስቱን አባት ዓይን ማየት ሊኖርበት ነው። አያቸው። ሽማግሌው አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ፈገግ ብለውለታል። ልጃቸውን የዳሩለት፣ የመጀመሪያ በሬውን የሰጡት ሰው ናቸው።

«ሸንኮራ ይቀራል» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያ የእኔ ይዘጋል። ቀጥሎ የእሳቸው፣ የአባቴ። የመጀመሪያውን ተራ ቃል የገባሁላችሁ ሁሉ ደግሞ ይቅር በሉኝ፤ ምን ላድርግ፣ እምቢ ማለት አላውቅበትም።»

እልል ያለ የለም። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው፣ ጋቢያቸውን አራግፈው፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከላይ ያሉት ባለ ሸንኮራዎች እጃቸውን ለሌላው ተወዳዳሪ አወጡ። ሲቆጠር ሰውየው በሰባት እጅ ብልጫ ተመረጠ። አይ የሹመት ቀን! እያለቀሰ ነው ቤቱ የገባው።

ሚስቱ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። አባቷማ አይነሣ! ገናን ሌላ ልጃቸው ቤት ዋሉ። በጥምቀት መንገድ ላይ ቢያገኙት ሰማይ ሰማዩን እያዩ አለፉት። ሰውየው ከሳ። በየሳምንቱ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የተላኩት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እንዲህ የሚወዳቸውን ሰው በአንድ ቃል ማጣቱ ቆጨው፤ ያችን ቃል መልሶ መዋጥ ግን አልቻለም።

የካቲት ሲጋመስ ወንዙ ቀጠነ። ሰውየው በማለዳ አካፋውን ይዞ ወጣና መጀመሪያ የራሱን ሸንኮራ ቦይ ደፈነ። ከዚያ ወደ አማቱ ማሳ አቀና። ስድብ እንደማይቀርለት ያውቃል፤ ከዘራም ሊቀምስ ይችላል።

ሲደርስ ቦዩ ተደፍኖ አገኘው። በድንጋይ፣ በሣርና በጭቃ ጥርቅም ተደርጎ ተደፍኗል። ሽማግሌው እስከ ክርናቸው ጭቃ ለብሰው እዚያው ላይ ተቀምጠዋል።

«አባቴ...» ብሎ ቀረብ አለ።

«ምን ያስደነግጥሃል?» አሉ። «እኔ እንደሆን ጥቅምት ላይ መቆጣት ጀምሬ ጥር ላይ ጨርሻለሁ። ዛሬ ድንገት መጥተህ ብትዘጋብኝ ኖሮ በያዝከው አካፋ እንገዳደል ነበር። ግን ነግረኸኛል። ስለነገርከኝ ግማሹን መሬት ሽምብራ ዘርቼበታለሁ፤ እሱ ውሃ ስጠኝ ብሎ አይጨቀጭቅህም። በል ሂድ፣ አሮጊቷ ዘንድ መድረሱን እይ። ስትመለስ ምሳ እኔ ጋ ነህ፤ ልጄንም ይዘሃት ና፣ ናፍቃኛለች።»

ሰውየው ጭቃ የለበሰ እጃቸውን ይዞ ሳመው። ውሃው የዚያን ዕለት ከቀትር በፊት የአሮጊቷ ሽንኩርት ውስጥ ገባ።

ጋሽ አምሳሉ ይህን ብለው ወደ ወይንሸት ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ የወረዳው በጀት ያ ቦይ ነው፤ አንቺ ደግሞ ያ ሰውዬ ነሽ። ሁሉን ማስደሰት እንደምትወጂ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቅሻለሁ፤ ስለዚህም እወድሻለሁ። ነገ ‹ምን ትሠሪልናለሽ?› ይሉሻል። በሆዳቸው የሚጠይቁሽ ግን ሌላ ነው፤ ሲያንስ ማንን ታስቀሪያለሽ ነው። እሱን መልሺላቸው። የሚቀረውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሽ ንገሪው፤ ለመቆጣትም ለመሰናዳትም ጊዜ ሳለው። ከራስሽ ወገን ደግሞ ጀምሪ።»

«ጤና ጣቢያው ይቅደም ካልኩ የሚቆየው የእኛ ሰፈር መንገድ ነው» አለች ወይንሸት ቀስ ብላ። «እናቴ እኮ መንገዱ መጣ ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ትቀየመኛለች፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ ትቀየምሻለች» አሉ ጋሽ አምሳሉ። «በይ ተነሺና ሳይመሽ ንገሪያት። ለመታረቅም እኮ ጊዜ ያስፈልጋታል።»