አልለቅም ያለችው ሹራብ ሠሪ

ወሬ ልጀምር ነውና ጆሮ አውሱኝ፤ የጎደለውን እናንተ ትሞላላችሁ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ትወስዳላችሁ።

ብርድ በማይለቃት አንዲት ከተማ ደብሪቱ የምትባል ሹራብ ሠሪ ነበረች። እጇ መርፌ ከያዘ ዓይኗ ሌላ ቦታ ቢሆን ግድ የላትም፤ ከሰው ጋር እያወራች አንድ እጅጌ ትጨርሳለች። የከተማው ልጅ ሁሉ የእሷን ሹራብ ለብሶ ነው ያደገው። መንገድ ላይ ስታገኘው ልጁን ብትረሳው እንኳ ሹራቡን አትረሳውም፤ «ይቺ አንገትጌ የኔ ናት» ብላ ቀና ብላ ታልፋለች። ኩሩ ናት፤ ኩራትም ያምርባታል።

አንድ ነገር ብቻ አልሆነላትም፤ ቤት። አራት ጊዜ ተከራይታ አራት ጊዜ «ልቀቂ» ተብላለች። አንዱ ልጄ ሊያገባ ነው አላት። አንዱ ቤቱን ላድሰው ነው አለና ሳያድሰው ቀረ። አንዷ የመርፌሽ ድምፅ እንቅልፍ ነሳኝ አለቻት። አራተኛው ምክንያት መፈለጉም ደከመው መሰለኝ፣ «ልቀቂ» ብቻ ብሏት ወደ ቤቱ ገባ። አራቱንም ጊዜ አንዲት ቃል ሳትመልስ ክሯን በጆንያ ሞልታ ወጥታለች። አምስተኛውን ስትከራይ ግን «ከዚህስ አልለቅም» ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

አምስተኛው ቤት የአቶ ይርዳው ነው፤ ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል። የተዋዋሉት በጥር ነበር። በጥር ደግሞ የሚያፈስ ጣሪያ የለም። ሐምሌ ሲገባ፣ ቆርቆሮው ላይ የምስማር ራስ የምታክል ቀዳዳ እንዳለች ታወቀ። ቀዳዳዋ ቦታ አመራረጥ ታውቃለች፤ ልክ ከአልጋው ራስጌ፣ ከክሩ ቅርጫት አጠገብ ጠብ ትላለች። ሳህን ሲደቀንላት ጠብ፣ ሳህኑ ሲሞላ ጠብ። ደብሪቱ የፈለገችው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ያቺ ቀዳዳ እንድትደፈንላት ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፤ ያስደፍኑልኝ» አለችው አከራዩን።

አቶ ይርዳው በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ እንጂ ጣሪያውን አላየም። «ጣሪያው የኔ፣ ዝናቡ የእግዜር። እኔ በእግዜር ሥራ አልገባም» አላት። «ጣሪያዬ ላይም ማንም እንዳይወጣብኝ። ካልተመቸሽ ልቀቂ።»

«ውላችን እኮ ጣሪያና ግድግዳ የሚያድሰው አከራይ ነው ይላል።»

«የምን ውል? እኔ ወረቀት አላውቅም።»

ደብሪቱ ፊቷ ጋለ። አምስተኛው «ልቀቂ» መጣ ማለት ነው። ጆንያው አልጋ ሥር ተጣጥፎ እንዳለ ታውቃለች፤ አላወጣችውም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ደላላው ሄደች። አከራዩ ቀዳዳዋን አልደፍንም አለ፤ ቀዳዳዋም ጠብ ማለቷን አልተው አለች።

ደላላው መንገሻ መስቀለኛው ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ በሁለት ስልክ ያወራል። «ወንድሜ» አለችው፣ «ያገናኘኸን አንተ ነህ። አከራዩን ተናገርልኝ፤ ቀዳዳዬን አልደፍንም ብሏል።»

«እትዬ ደብሪቱ፣ እኔ የማሳየው በር ነው። በሩ ይከፈታል?»

«ይከፈታል።»

«ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

«በቃ፣ የኔ ሥራ ደህና ነው ማለት ነው። ነገ በኔ በኩል ሌላ ክፍል የሚያከራየውን ሰውዬ አላስቀይምም» አለና ሦስተኛ ስልክ ከኪሱ አወጣ። ደላላው አከራዩን አልናገርም አለ፤ አከራዩ ቀዳዳዋን አልደፍንም አለ፤ ቀዳዳዋም ጠብ ማለቷን አልተው አለች። ደብሪቱ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደች።

የእድሩ ዳኛ አቶ ልመንህ የእድሩን ድንኳን አስጥቶ ብል እንዳይበላው ያገላብጣል። ደላላውም አከራዩም የእሱ አባላት ናቸው፤ ሲቆጣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። «አባቴ» አለችው፣ «ደላላውን ይገሥጹልኝ። ደላላው አከራዩን አልናገርም ብሏል፤ አከራዩ ቀዳዳዬን አልደፍንም ብሏል፤ ቀዳዳዋም ጠብ ጠብ እያለች ነው።»

ዳኛው ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «ልጄ፣ እድር የሚደርሰው ለሞተ ነው። አንቺ ሞተሻል?»

«ኧረ ተመስገን፣ ቆሜያለሁ!»

«እንግዲያው ምን ላድርግሽ? የሞትሽ ዕለት ይሄ ድንኳን እንደማያፈስ ቃል እገባልሻለሁ» አላትና እንዳሳዘናት ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከወረዳ ደብዳቤ ከመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ዝም ብዬ ግን በሰው ቤት ጣሪያ አልገባም።» ዳኛው ደላላውን አልገሥጽም አለ፤ ደላላው አከራዩን አልናገርም አለ፤ አከራዩ ቀዳዳዋን አልደፍንም አለ፤ ቀዳዳዋም ጠብ ማለቷን አልተው አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ይመለሳል። ደብሪቱ ግን ወደ ወረዳ ወጣች፤ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ ከብዷል። ጸሐፊዋ እታፈራሁ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ላይ ያለው ሰማያዊ ሹራብ የደብሪቱ ሥራ ነው፤ ደብሪቱ አወቀችው፣ ግን ውለታ ማስታወስ ስለማትወድ ዝም አለች።

«የኔ እህት፣ ለእድሩ ዳኛ ደብዳቤ ጻፊልኝ። ዳኛው ደላላውን አልገሥጽም ብሏል፤ ደላላው አከራዩን አልናገርም ብሏል፤ አከራዩ ቀዳዳዬን አልደፍንም ብሏል።»

«እናቴ፣ መጻፉ ምን ይጠቅምዎታል? ማህተም ያልመታው ደብዳቤ ማን ያነበዋል? ማህተሙ እመታለሁ ካላለ እኔ ለዳኛው አልጽፍም።»

ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ሆዱን ገልብጦ ተኝቷል። «ውል ሳላይ አልመታም!» አለ። ማህተም አፍ የለውም የምትሉ ካላችሁ፣ ወረዳ ሄዳችሁ አታውቁም ማለት ነው።

እታፈራሁ መሳቢያውን ዘግታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «እናቴ፣ ተከራይ መብት አለው። ግን ተከራይ መሆንዎን የሚናገረው ውሉ ነው። ያምጡትና እዚህ ይመዝገብ። ከተመዘገበ በኋላ ማንም በረንዳው ላይ ተቀምጦ በአፉ ብቻ ልቀቂ ሊልዎት አይችልም። ውሉን የት አደረጉት?»

ደብሪቱ ኪሷን ዳበሰች። የት እንዳደረገችው አታውቅም። የሰውን ሹራብ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራ ሴት፣ የገዛ ውሏን የት እንዳደረገች አታውቅም! አፈረች፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ያላፈረችውን እዚያች መስኮት ሥር አፈረች።

ቤቷ ገብታ ፍራሹን ገለበጠች፣ ሳጥኑን አራገፈች፣ የዳዊት መጽሐፏን ገጾች ገላለጠች። ውሉ የለም። ጎረቤቷ አልጋነሽም መጥታ ታግዛት ጀመር። አልጋነሽ ከጎኗ ያለችው ክፍል ተከራይ ናት፤ የእሷም ግድግዳ ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ውሉ አልገኝም አለ፤ ማህተሙ አልመታም አለ፤ ጸሐፊዋ ለዳኛው አልጽፍም አለች፤ ዳኛው ደላላውን አልገሥጽም አለ፤ ደላላው አከራዩን አልናገርም አለ፤ አከራዩ ቀዳዳዋን አልደፍንም አለ። ቀዳዳዋማ ምን ገዷት፣ ጠብ ትላለች። ሲፈላልጉ ሳህኑን በእግራቸው ገፍተውት ኖሮ፣ ጠብታዋ ቅርጫቱ ውስጥ ባለች አንዲት ትልቅ ነጭ ልቃቂት ላይ ጠብ ጠብ ስትል ቆይታለች።

ልቃቂቷ መርፌ መሰኪያ ናት፤ ከጥር ወዲህ ማንም ፈትቷት አያውቅም። አልጋነሽ ፈጥና ልታነሳት እጇን ዘረጋችና ቆመች። «ውይ! ክርሽ ቀለም ለቀቀ። ሐምራዊ ሆነ!»

«ነጭ ክር ምን ቀለም አለውና ይለቃል?» አለች ደብሪቱ። ወዲያው ሁሉም ትዝ አላት። አቶ ይርዳው ፊርማዬ አያምርም ብሎ፣ እየሳቀ፣ አውራ ጣቱን ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። እሷ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ቤት እንደገባች አዲስ ክር ልትጠቀልል ተቀመጠች። ሹራብ ሠሪ ልቃቂት ስትጀምር መሃሉን የምታጠነክርበት እጥፍ ወረቀት ትፈልጋለች፤ እጇ ያገኘውን ያዘ፣ ጠቀለለ፣ ጠቀለለ። እጇ ዓይኗን ጠይቆ አያውቅማ!

«ውሉ እዚህ ውስጥ ነው!» አለች።

«የክሩ ውልስ የት አለ?» አልጋነሽ ልቃቂቷን አገላብጣ የክሩን ጫፍ ብትፈልግ አጣችው። ልቃቂቷም ውሌን ካላገኛችሁ ውላችሁን አልሰጥም አለች። ውሃው ወደ ውስጥ እየሰረገ ነው፤ ሐምራዊው እየሰፋ ነው። አልጋነሽ መቀስ አነሳች። «ቁረጪው! ወረቀቱ ሳይሟሟ ቁረጪው!»

ደብሪቱ መቀሱን ከእጇ ወስዳ አልጋው ላይ አኖረችው። «ቆርጦ መውጣት አራት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ይሄን እፈታዋለሁ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ልቃቂቷ አልፈታም ብላለች፤ ውሉ አልገኝም ብሏል፤ ማህተሙ አልመታም ብሏል፤ ጸሐፊዋ አልጽፍም ብላለች፤ ዳኛው አልገሥጽም ብሏል፤ ደላላው አልናገርም ብሏል፤ አከራዩ አልደፍንም ብሏል። የደብሪቱ እጅ ግን እምቢ ብሎ አያውቅም። አውራ ጣቷ በልቃቂቷ ላይ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ፣ በሦስተኛው አንዲት ክር ከፍ ብላ ተገኘች። ሳበቻት። ውሉ መጣ! አልጋነሽ እየሮጠች ክሩን ክንዷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ልቃቂቷ ወለሉ ላይ ትዘላለች፤ ትልቅ የነበረች ሎሚ አከለች፣ ሎሚ ያከለች ለውዝ አከለች፣ ከመሃሏም አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ዱብ አለ። ዳሩ ሐምራዊ ሆኗል፤ ጽሑፉ ይነበባል። የአቶ ይርዳውም አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በማግስቱ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ወረዳ ሄደች። እግሯ ያው የትናንቱ እግር ነው፤ አረማመዷ ግን የባለ ውል ነው። ማህተሙ ውሉን ሲያይ «ልምታ፣ ልምታ!» አለና ዷ አደረገው። ማህተሙ ሲመታ ጸሐፊዋ «ልጻፍ፣ ልጻፍ» አለች። ጸሐፊዋ ስትጽፍ ዳኛው «ልገሥጽ፣ ልገሥጽ» አለ። ዳኛው ገና ድንኳኑን ጥሎ ሲነሳ ደላላው ከሩቅ አይቶት «ልናገር፣ ልናገር» አለና ሦስቱንም ስልክ ዘግቶ ወደ አከራዩ በረረ።

አቶ ይርዳው በረንዳው ላይ ነው። ደላላው እያለከለከ፣ ዳኛው እየተቆጣ፣ ደብሪቱ ቀጥ ብላ መጡበት።

«የምን ውል?» አለ አቶ ይርዳው።

«ጋሼ፣ አውራ ጣትዎን ቢያሳዩኝ» አለችና ወረቀቱን ከጎኑ ዘረጋችው። አቶ ይርዳው ጣቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ መልሶ ጣቱን አየ። ወረቀት አላውቅም ማለት ይቻላል፤ አውራ ጣቴን አላውቅም ማለት ግን አይቻልም። ደብሪቱ አልጮኸችም፣ አልለመነችም። «እኔ የምጠይቅዎ ውለታ አይደለም፤ የተዋዋልነውን ነው» አለችው። ደረቷ ውስጥ ያለው ኩራት ያንጊዜ እስከ ጆሮዋ ሞቃት።

ቆርቆሮ ሠራተኛ ልጥራ ቢል ደመናው ቀድሞ ከበደ። ስለዚህ አቶ ይርዳው ራሱ ጋቢውን ጥሎ፣ ሬንጅና ቁራጭ ቆርቆሮ ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ። መሰላሉ አሮጌ ነው፤ ያውም የራሱ ስለሆነ አላሳደሰውም። ደብሪቱ ከሥር ያዘችለት። አልጋነሽና የግቢው ተከራዮች ሁሉ ወጥተው ያያሉ። ቀዳዳዋን ደፈነ፣ መታ፣ ሬንጅ ቀባ። ሊወርድ አንድ እግሩን ሲያሳርፍ ነፋስ መጣ፣ መሰላሉ ተንቀጠቀጠ፣ አቶ ይርዳውም ቆርቆሮውን አቅፎ ጮኸ።

«ደብሪቱ! እንዳትለቂ! በእናትሽ፣ እንዳትለቂ!»

ግቢው ሁሉ ሰማው። አምስት ጊዜ «ልቀቂ» የተባለችው ሴት መሰላሉን በሁለት እጇ ጠበቅ አደረገችው።

«አልለቅም፣ ጋሼ» አለች ቀና ብላ። «ውል አለን።»

ያን ቀን ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ፤ ሳህኑ ግን ደርቆ ዋለ። አልጋነሽ ለተሰነጠቀው ግድግዳዋ የራሷን ውል ፍለጋ ሳጥኗን እየበረበረች ነበር። እኔ ክሩን እስከ ውሉ አድርሻለሁ፤ እናንተ ከውሉ ጀምራችሁ ጠቅልሉት።