ውሃ ሳይነካት ያረጀችው ጀልባ

አንድ ከውሃ በቀር ምንም የማይፈራ ሰው በቆላ አገር፣ ከሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። ስሙ ኦይቻ ነው። ይህ ሰው ልጁ ዘሪቱ ስትዳር የምትሻገርባት ቀይ የፋይበር ጀልባ አሠራ። ፋይበር የሚባለው ቀጭን የመስታወት ክር ሙጫ እየጠጣ፣ ተደራርቦ ሲደርቅ ነው። ጀልባዋ ስታምር ለጉድ ነበር። ኦይቻም ውሃ እንዳይነካት ብሎ አላፊ አግዳሚው በሚያያት ሜዳ ላይ አስቀመጣትና ሙሽራዋ እስክትሳፈርባት ድረስ ማንም እንዳይደርስባት አዘዘ።

በመጀመሪያው ሳምንት በጣቱ ሲያንኳኳት ከበፊቱ ጠንክራ አገኛት። የአገሩ ሰው ሸክላውን ፀሐይ ላይ ሲያደርቅ የኖረ ነውና ኦይቻም ፀሐይ ተስማምቷታል ብሎ ደስ አለው። ጀልባዋ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ሸራ እየለበሰች እዚያው ሜዳ ላይ ሦስት በጋ ከረመች።

ጦና የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። የጦና ጀልባም ፋይበር ናት፤ አሮጌና የተለጣጠፈች። ሰው አሻግራ ስትመለስ ሐይቁ ዳር ባለው የሾላ ዛፍ ጥላ ሥር ታርፋለች። ወንድማማቾቹ ከተነጋገሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በምን ተጣላችሁ ቢባሉ መልስ የላቸውም። አንድ ቀን ሰላምታ ቀረ፤ ሌላ ቀን የአንዱ ዶሮ የሌላውን ጓሮ ጫረች፤ ሌላ ቀን ደግሞ አንዱ ሲስቅ ሌላው በእኔ ነው የሚስቀው አለ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ሚዜዎቹ ቀይዋን ጀልባ ተሸክመው ወደ ውሃው አወረዷት። ጀልባዋን የሠራት አንጁሎ ሊመርቅ መጥቶ ነበርና ጎኗን በጣቱ አንኳኳ። ጥርት ብሎ መጮህ የነበረበት ጎን የታፈነ ድምፅ ሰጠው። ጆሮውን አስጠግቶ ደገመና ሙሽራዋ በዚህች አትሻገርም አለ። ኦይቻ ተቆጣ፤ ውሃ ነክቷት የማታውቅ ጀልባ ምን ልትሆን ትችላለች ብሎ ሞገተ። አንጁሎ ክርክር አልወደደም። በሙሽራዋና በአጃቢዎቿ ፋንታ አሸዋ የሞላ ጆንያ አስጫነና ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ አስገፋት። አሥረኛው ጆንያ ሲጫን ወገቧ ተንጣጣ፣ ተሰነጠቀችም፤ እንደ ደከማት ላም ውሃው ውስጥ ተኛች። አዲስ ሱፋቸው የራሰባቸው ሚዜዎች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ኦይቻ ግን ልጁ ቀርታ ልትውል ነውና ለመሳቅ አልቻለም። አንጁሎ ከስንጥቁ ክር መዝዞ ሰጠውና በጥሰው አለው። ኦይቻ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ክሩ መዳፉን አሳመመው እንጂ አልተበጠሰም።

«ክሩ ደህና ነው» አለ አንጁሎ። «የደከመው ሙጫው ነው። ሙቀት መጀመሪያ ያጠነክረዋል። በየቀኑ ሲደጋገምበት ግን ሙጫው ይሰባበርና ክሩን ይለቀዋል።»

ኦይቻ ክሩን እንደያዘ ወደ ሾላው ዞረ። ጦና እዚያ ቆሟል። የጠራው ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ጀልባውን አጥቦ ዙሪያዋን ቄጠማ አስሮላታል። ኦይቻ ውሃውን እያንቦጫረቀ ወደ እሱ ሄደ።

«ጦና» አለው፣ «ልጅህን አሻግርልኝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩህ እኮ ነው» አለ ጦና።

ዘሪቱ በተለጣጠፈችው ጀልባ፣ እየተዘፈነላት ተሻገረች። አባቷና አጎቷ ግራና ቀኝ ይቀዝፋሉ። ማን የተሻለ ይቀዝፋል እያሉም እስከ ማዶ ድረስ ተጨቃጨቁ፤ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ነበራቸውና ያ ጭቅጭቅ ከዘፈኑ ይልቅ ደስ ይል ነበር። ቀይዋን ጀልባ አንጁሎ የደከመውን ሙጫ ፍቆ፣ አዲስ ክርና ሙጫ ደርቦ አደሳት። ዛሬ ከአሮጌዋ ጎን ሾላው ጥላ ሥር ነው የምታድረው።

ወዳጆቼ፣ እኛም የምንፈራው ትልቁን ጠብ ነው። የሚያላቅቀን ግን ምንም አይደለም ብለን በየቀኑ የምናሳልፈው ትንሽ ኩርፊያ ነው። ደግነቱ፣ በውስጣችን ያለው ክር በዋዛ አይበጠስም፤ ሙጫውን ማደስ ይቻላል። እስቲ ያስቡት፤ እርስዎ እስኪመጡ ጀልባውን አጥቦ ጥላ ሥር የሚጠብቅዎት ማን ይሆን?