በመነሳት በዓል የዘገየችው አህያ

አንድ ጊዜ ንጉሥ አንበሳ ድኩላ ሲያባርር ገደል ገባ። ሁለት ጥርሱ ረገፈ፣ ወገቡም ተቀጨና ብዙ ቀን ከዋሻው ሳይወጣ ተኛ። ድኖ ሲነሳ ታዲያ ደስታው ልክ አጣ። የንጉሥ ደስታ ደግሞ ለብቻ አይያዝምና አዋጅ አስነገረ።

«ስማ፣ ስማ፣ ተሰማማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከእንግዲህ በየዓመቱ፣ በጋው ሲጠና፣ የመነሳት በዓል ይከበራል። ወድቆ የተነሳ ሁሉ ከሾላው ሥር መጥቶ አነሳሱን ይናገር። ከሁሉ የበለጠው የወንዙን ዳር ጨፌ ለአንድ ዓመት ይረከባል፤ እዚያ ውስጥ ማንም አይነካውም። በበዓሉ ዕለት በቆመ እንስሳ ላይ ጥርሱን የሚያሳርፍ ወዮለት! ወድቆ የቀረ ግን፣ ‹ቀረህ ወይ?› ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ካልተነሳ፣ ያገኘው ይብላው።»

አዋጁን ከሰሙት አንዷ እመት አህያ ነበረች። ቤቷ ከአያ ጅቦ ዋሻ ፊት ለፊት ነው፤ መቼም ከክፉ ጎረቤት ይሰውራችሁ። አምና አንድ ውርንጭላ በልቶባታል። የዘንድሮውንም በእግሮቿ መካከል አስገብታ፣ ቆማ እያደረች ነው ያቆየችው። «ያን ጨፌ ባገኝ» ትል ነበር፣ «ልጄ እግሩ እስኪጠና አንድ ዓመት ይበቃኛል።» ሌላ ምኞት የላትም። ወድቆ መነሳት እንደሆነ ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? ችግሩ አፏ ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ ለእሷ ግን እንኳን ጤፍ ባቄላም አይቆላላት።

የበዓሉ አጋፋሪ እመት ቀበሮ ናት። እሷም ጨፌውን ትፈልገዋለች፤ ሣር በልታ አይደለም፣ ቦታው ቆቅ በቆቅ ስለሆነ ነው። የሌሎቹን ንግግር አልፈራችም። የአህያ ገጣባ ጀርባ ግን አሳሰባት፤ ያንን ያየ ንጉሥ ንግግርም አይፈልግ ይሆናላ! ስለዚህ በበዓሉ ማለዳ አህያን፣ ልጇን ከሾላው ሥር ከሕዝቡ ጋር አስቀርታ፣ ከዳገቱ ሥር ወሰደቻት፤ ግመሎች ያራገፉት ጨው እዚያ ተከምሯል።

«እመት አህያ፣ ጨው ሳይላስ የበዓሉ ግብር አይቀመስም። ጨውን ወደ ሾላው የምታወጪው አንቺ ነሽ።»

«ንግግሩ ያመልጠኛል እኮ፣ እመት ቀበሮ።»

«ኧረ በይ! አንቺን የመሰለ ባለ እግር! ገና የከርከሮው ተራ ሳይደርስ ከች ትያለሽ።»

አህያ ሙገሳ አልለመደችምና ደስ ብሏት ጀርባዋን ሰጠች። ቀበሮ በቀኙ ስልቻ ጨው ሞላች። በግራው ግን ከታች ድንጋይ፣ ከላይ ጨው አድርጋ አሰረችው። አህያ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

«ወደ ግራ ያጋደለ መሰለኝ።»

«አንቺ ነሽ የምታጋድዪው! ቀጥ ብለሽ አትሄጂም?»

አህያ ምስኪን፣ ‹እውነቷን ይሆናል› አለችና መንገዷን ቀጠለች። ዕድሜ ልኳን ጠማማ ስትባል ነው የኖረችው።

ቀበሮም በአቋራጭ ሄዳ አያ ጅቦን ቀሰቀሰችው።

«አያ ጅቦ፣ አዋጁን ሰምተሃል?»

«‹ያገኘው ይብላው› የሚለውን ነው? እሱን ሰምቻለሁ።»

«ከእሱ በፊት ያለውንስ?»

«ከእሱ በፊትም ነበረ እንዴ?»

ቀበሮ በትዕግሥት አስረዳችው። አህያ ዳገቱን እንደማትወጣው፣ ስትወድቅ ሦስት ጊዜ መጠየቅ እንዳለበት፣ ከዚያ ወዲያ ሥጋዋ የእሱ እንደሆነ ነገረችው።

«የግብር ድርሻዬስ?» አለ ጅቦ።

«እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

ጅብ ነውና አመነ።

አህያ የዳገቱን እኩሌታ ሳትደርስ በግራ ጎኗ ወደቀች። ወዲያው አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ወጥቶ በትሕትና ቀረበ።

«እንደምን ዋልሽ፣ ጎረቤቴ? ቀረሽ ወይ?»

ድምፁን ስትሰማ ዘላ ተነሳችና «አልቀረሁም!» አለችው። ጅቦ ምራቁን ውጦ ተከተላት።

ትንሽ እንደሄደች እንደገና በግራ ወደቀች። «ቀረሽ ወይ?» አላት። ትንፋሿ አጠራት። «ቀረሽ ወይ?» ሲል ደገመ። ጉልበቷ ተልጦ፣ ደሟ እየፈሰሰ ተነሳች። ‹እሰይ የኔ ጀግና› የሚላት አልነበረም።

ከጫፉ በታች፣ መንገዱ በጠበበበት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀች። አሁንም በግራ። ብትታገል፣ ብትጎተት፣ ጭነቱ ከመሬት ጋር ሰፍቷታል።

«ቀረሽ ወይ?» አለ ጅቦ፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። ጠጋ ብሎ ደገመ። «ቀረሽ ወይ? ኧረ ተይ፣ እህቴ፣ አትልፊ። ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ ነው ብለዋል አባቶች።»

«አባቶች ልክ ናቸው» አለች አህያ እያለከለከች። «እኔ ግን ድሮም የተላላጥኩ ነኝ፤ ምን ይቀርብኛል?»

እንዲህ ትበል እንጂ ፈርታለች። ሦስተኛው ጥያቄ ከመጣ አለቀ። ልጇ ዛሬ ማታ በማን እግር መካከል ያድራል? ዓይኗን ጨፈነች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ‹ሦስቴም በግራ! ጠማማዋ እኔ ብሆን አንዴ እንኳ በቀኝ በወደቅሁ ነበር። ጠማማውስ ጭነቱ ነው!›

አህያ ስትባል ደግሞ አንድ ነገር ያለ አስተማሪ ትችላለች፤ መንከባለል። መነሳቱን ትታ፣ አመድ ያገኘች ይመስል በጀርባዋ ተገለበጠች። አራት እግሯ ሰማይ ለሰማይ ተፈራገጠ። ቁስሏ በጠጠሩ ላይ ሲፈገፈግ አናቷ ድረስ አመማት፤ ቢሆንም ደጋግማ ተንከባለለች።

አያ ጅቦ ይህን ሲያይ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። «ጣር ላይ ናት! አለቀላት!» ሦስተኛውን ጥያቄ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት። «ይህቺማ የትም አትሄድብኝ። ግብሩ ነው የሚያልቀው! መጀመሪያ እዚያ ልብላና ልመለስባት።» ብሎ ወደ ሾላው ሸመጠጠ።

እሱ ሲሮጥ የግራው ስልቻ አፉ ተፈታ። ድንጋዩ እየተንደረደረ ገደል ገባ። ጨውም ገሚሱ ፈሰሰ፤ የቀረው ግን ከግራም ከቀኝም እኩል ሆነ። አህያ ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። ጭነቱ ቀጥ ብሎ ተቀመጠላት።

ከሾላው ሥር እመት ቀበሮ ንግግሯን እየጨረሰች ነበር። ከዶሮ ቤት አጥር ላይ እንዴት እንደወደቀችና እንዴት እንደተነሳች ስትተርክ ጦጣዎቹ ያለቅሳሉ፣ ከርከሮው ንፍጡን ይጠርጋል። ጅቦ በመሀል ጥልቅ አለ።

«አህያ ወድቃ ቀረች! ድርሻዬን ቶሎ አምጡልኝ፣ የምመለስበት ሥጋ አለኝ!»

«ወይኔ እህቴን!» አለች ቀበሮ ደረቷን እየመታች። ከሕዝቡ ኋላ ውርንጭላው ጮኸ።

«ሦስት ጊዜ ጠየቅሃት?» አለ አንበሳ።

«ሁለቴ ጠየቅኋት፤ ሦስተኛውን ስመለስ!»

ገና ሳቁ ሳያባራ አህያ ከዳገቱ ጫፍ ብቅ አለች። ውርንጭላው ሮጦ ከእግሮቿ መካከል ገባ። አንበሳ ፊቱን አጠቆረ፤ ዘግይታለችና።

«የት ቆየሽ?»

«ወድቄ ነበር፣ ጌታዬ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ተነሳሁ።»

«ይኸው ነው?»

አህያ አሰበች። «ጨውም ይዤ መጥቻለሁ» አለች።

ስልቻዎቹ ወረዱ። ከግራው ሥር ተቀርቅራ የቀረች አንዲት ድንጋይ ተንከባልላ ከንጉሡ እግር ሥር ቆመች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ፈጠን ብላ፣ «ጨው ነው፣ ጌታዬ! ቆይቶ ደድሮ ነው» አለች።

«እንግዲያው ላሺው።»

ቀበሮ ላሰች።

«እንዴት ነው?»

«ደኅና... ደኅና ጨው ነው፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው እስክትጨርሺው ላሺ።»

አያ ጅቦ ይህን ጊዜ ነው የባነነው። «ቆይ፣ ቆይ! ‹ዳገቱን አትወጣውም፣ ተከተላት› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ድርሻዬስ የታለ?» ሕዝቡም ቀበሮ ድርሻውን ወዳስቀመጠችበት ቢያይ፣ የተላጠ አጥንት ብቻ አገኘ። ጅቦ ነገር ማጋለጡን አላወቀም፤ እሱ ያዘነው ለሥጋው ነበር።

ያን ዕለት ማታ እመት አህያ ንጉሡ በሰጣት ጨፌ ውስጥ ተኝታ አደረች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ተኝታ ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። ቀበሮ ግን ከሾላው ሥር ድንጋይዋን እየላሰች ነጋባት፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥርም «ጨው ጨው ይላል» ትላቸው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የወደቀ ሁሉ ጠማማ እንዳልሆነና፣ ደጋግሞ የሚጥለንን ሸክም ለይተን አራግፈን መነሳት ስለ መውደቅ አሳምሮ ከመናገር እንደሚበልጥ ነው።