ድሮኑ አልነሣም አለ

ጆሯችሁን ወዲህ ስጡኝ። ይህ ነገር ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል።

ጣና ዳር ጥሩዓለም የምትባል ወጣት ነበረች። አባቷ አቶ ሙጬ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እሷ ደግሞ ከሥራ ስትመለስ አንድ ትንሽ ድሮን ታበርራለች። መንገዱን ስልኳ ላይ ነጥብ በነጥብ ታበጅለታለች፤ እሱም ማንም ሳይነዳው ነጥቦቹን ተከትሎ በርሮ ይመለሳል።

አንድ ቀን አባቷ በማለዳ በታንኳ ወጥተው በዚያው ቀሩ። ነፋሱ እምቦጭ የሚባለውን አረም እየገፋ ሐይቁን አልብሶት ነበር። አረም መሐል የተያዘ ታንኳ ወዲህም ወዲያም አይል፣ ከዳር ሆነው ቢያዩም አይታይ።

ጥሩዓለም የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድሮኑ ተነሥቶ አባቷን እንዲፈልግላት። በአረሙ ላይ እንደ እርሻ ትልም የሚመላለስ መንገድ ሠርታ ጫነችበት። ድሮኑ ግን አልነሣም አለ። ትናንት ስትሞክረው ባትሪው ተሟጧል። መብራትም የለም።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች።

«ጋሽ ይግዛው፣ ጄኔሬተሩን ያስነሡልኝ! አባባ ሐይቅ ላይ ቀረብኝ!»

«በምን ላስነሣው ልጄ? አንድ ጠብታ ናፍጣ የለኝም። ጀልባ ነጂው ፈንታሁን ጋ ሂጂ።»

ናፍጣ ከሌለ ጄኔሬተሩ አይነሣም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ባትሪው አይሞላም፤ ባትሪው ካልሞላ ድሮኑ አይበርም፤ ድሮኑ ካልበረረ አባቷ አይገኙም።

ፈንታሁን በርሜሉ አጠገብ ተቀምጧል።

«ናፍጣው ይኸው። ግን የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ንብረት ነው፤ ሊቀ መንበሩ ሳይፈቅዱ አልቀዳም።»

«ሰው እየሞተ?»

«እኔንም ከሥራ አታስወጪኝ፣ እህቴ።»

ሊቀ መንበሩ ካልፈቀዱ ፈንታሁን አይቀዳም፤ ፈንታሁን ካልቀዳ ጄኔሬተሩ አይነሣም፤ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ባትሪው አይሞላም፤ ባትሪው ካልሞላ ድሮኑ አይበርም፤ ድሮኑ ካልበረረ አባቷ አይገኙም።

ሊቀ መንበሩ አቶ ጫኔ እዚያው በርሜሉ ማዶ ጥላ ሥር ጋደም ብለዋል።

«ናፍጣው ለጀልባዋ ነው» አሉ። «ለመጫወቻሽ ልትጨርሽው ነው?»

«እንግዲያው ጀልባዋን ይላኩልኝ!»

«ወዴት? አረሙ ሞተሩን ያንቀዋል። ሙጬ የት እንዳለ አሳዪኝና አሁኑኑ እልካለሁ።»

ይህን ጊዜ ጥሩዓለም ጮኸች። ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ዞር አለ።

«በምን ላሳይዎ? የሚያሳየኝ ድሮኑ ነው! ድሮኑ ባትሪ ይለኛል፤ ባትሪው ጄኔሬተር ይለኛል፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይለኛል፤ ናፍጣው ፈንታሁን ይለኛል፤ ፈንታሁን ሊቀ መንበሩ ይለኛል፤ ሊቀ መንበሩ የት እንዳለ አሳዪኝ ይሉኛል! የሚያሳየኝ ደግሞ ድሮኑ ነው! እናንተ እኔን ስታዞሩ አባቴ ውሃ ላይ ነው!»

«ለትልቅ ሰው እንዲህ ይጮኻል?» አሉ አቶ ጫኔ።

ከኋላቸው የጀሪካን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ፈንታሁን ነው።

«ፈንታሁን! ፈቅጃለሁ?»

«አልፈቀዱም» አለና መቅዳቱን ቀጠለ።

ፈንታሁን ናፍጣውን ቀዳ፤ ናፍጣው ጄኔሬተሩን አስነሣ፤ ጄኔሬተሩ ባትሪውን ሞላ፤ ባትሪው ድሮኑን አስነሣ፤ ድሮኑም ነጥብ በነጥብ፣ ትልም በትልም አረሙን አሰሰ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ስልኩ ላይ አንዲት ታንኳ ታየች። ውስጧ ሰው ተኝቷል። ጥሩዓለም ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሰውየው ቀስ ብሎ እጁን አነሣ።

«አለ! አባባ አለ!»

ፈንታሁን ጀልባዋን አስነሣ፤ ጎረምሶች ማጭድ ይዘው ዘለው ገቡ። አረሙን እያጨዱ፣ እየተሳደቡ ደረሱላቸው።

አቶ ሙጬ ከንፈራቸው ደርቆ፣ በሰው ተደግፈው ከጀልባዋ ወረዱ። ከሰዉ ሁሉ ቀድመው አቶ ጫኔ እጃቸውን ዘረጉ።

«እንኳን ደኅና ገባህ ሙጬ! ጀልባችንን ልከን ይኸው…»

ጥሩዓለም መሐላቸው ገባች።

«እጅዎን ይሰብስቡ» አለቻቸው። ከዚያም አባቷን ደግፋ ወደ ቤት ወሰደች።