ከታንከሩ በላይ የተሰቀለው ቧንቧ

በእኛ ከተማ ስብሰባ ላይ «አለቃችን ይጀምሩልን» ሲባል አንገቱን ደፍቶ የሚስቅ ሰው ካያችሁ፣ አንድ አባባል ትዝ ብሎት ነው። አባባሉ እንዲሁ አልመጣም፤ ከተማውን ውሃ አስጠምቶ ነው የመጣው።

ድቡልቡል የውሃ ታንከር ተተከለልን፤ ቁመቱ ስድስት ሜትር። ከውስጡ ሠላሳ ሜትር ኩብ ምንጊዜም ለጤና ጣቢያው እንዲቀር፣ ከዚያ በላይ ያለው ለከተማው እንዲወርድ ተወሰነ። የከተማው ቧንቧ ታዲያ ስንት ሜትር ላይ ይበየድ? ታንከሩ ድቡልቡል ነውና ስሌቱ የኒውተንን ዘዴ ፈለገ። ዘዴው አንድ መነሻ ግምት ይቀበላል፤ ያርመዋል፣ የታረመውን መልሶ ያርማል፣ መልስ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ሁላችን በተሰበሰብንበት ኢንጂነር ትርንጎ «ከሁለት ሜትር ልነሳ» ስትል የውሃ መሥሪያ ቤቱ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ደነገጠ።

«ጋሼ መሸሻ ተቀምጠው? ዳቦ እንኳ የሚቆረሰው በታላቅ ነው!»

ሥራ አስኪያጁ አቶ መሸሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትንሽ ቁጥር መጥራት ከማዕረጋቸው የሚያወርዳቸው መስሏቸው መሆን አለበት፣ «አሥር ይሁን» አሉ። ተጨበጨበ።

ዘዴው ከአሥር ተነስቶ እያረመ፣ እያረመ ከስምንት ሜትር ተኩል በላይ ቁጭ አለ።

«ታንከሩ እኮ ስድስት ሜትር ነው» አለች ትርንጎ። «ስሌቱ ሦስት መልስ አለው፤ አንዱ ከታንከሩ ወለል በታች፣ አንዱ ታንከሩ ውስጥ፣ አንዱ አየር ላይ። የትኛው ጋ እንደምንደርስ የሚወስነው መነሻችን ነው።»

«እርምጃው ላይ ስህተት አለ?» አሉ አቶ መሸሻ።

«የለም፤ ግን…»

«ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ?»

ትርንጎ ባሏ ዘንድ ለመዛወር የእሳቸውን ፊርማ የምትጠብቅ ናትና ወረቀቷን አጥፋ ተቀመጠች። አልፈርድባትም፤ እኛስ መቼ ተነፈስን?

ታንከሩ አናት ላይ የብረት ምሰሶ ተበየደ፤ ቧንቧው ጫፉ ላይ ተሰቀለ። በምረቃው ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ውሃው ተለቀቀ። ታንከሩ ሞልቶ በጎኑ መሬት ለመሬት ፈሰሰ እንጂ ቧንቧው ጋ አልደረሰም። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ምክትሉ «ውሃው ከፍ ይላል እንጂ ቧንቧው አይወርድም!» ብሎ ጮኸ።

ጀሪካን ይዘው ከማለዳ ጀምሮ የተሰለፉት አሮጊቷ እትዬ ደብሪቱ «ማነው እዚያ የሰቀለው?» ብለው ጠየቁ።

«ስሌቱ ነው። መነሻውን አቶ መሸሻ ሰጥተውት» አልኳቸው።

እትዬ ደብሪቱ አንጋጠው ቧንቧውን አዩ፤ ከዚያ ባዶ ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዙ እየሄዱ እንዲህ አሉ፦ «መነሻውን ለሹም የሰጠ፣ ውሃውን ከሰማይ ይጠብቃል።»